ብርቅ እባጭ በአዋጅ ነጋሪ ጉሮሮ

ጥቅምት አምስት ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

በስመ አብ ብዬ እጀምራለሁ። ጮክ ብዬ ግን አይደለም፤ ጮክ የሚባለው ነገር ዛሬ ከእኔ ጋር ተጣልቷል።

እኔ ደምለው፣ የደብረ ማርቆስ አዋጅ ነጋሪ፣ ዜማ ቤት ያደግሁ፣ ቅኔ ቤት ያረጀሁ፣ «ስማ» ስል ወንዝ ማዶ ያለ አራሽ በሬውን የሚያቆምልኝ ሰው፣ ዛሬ በገበያ መካከል እንደ ተቀደደ ወናፍ ተነፈስሁ። ጥሊያን ከተማውን ሲይዝ ነጋሪቱን ወረሰ፤ ነጋሪቱን ሲወርስ እኔንም ከነምላሴ አብሮ ወረሰኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የዛሬው የውሻ አዋጅ ነበር። ሬዚደንቴው፣ ማለት የአገሩ ጥሊያን ሹም፣ ሌሊት ውሻ ጮኾበት እንቅልፍ አጣ፤ እሱ እንቅልፍ ሲያጣ አገር አዋጅ ያገኛል። ነጋሪቱ ተጎሰመ። «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ» አልሁ። እስከዚህ ደህና ነበር። «በዚህ ከተማ የሚዞሩ ውሾች ሁሉ» ብዬ «ይታሠሩ» ልል ስል ድምፄ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ውሃ እንዲያቀብሉኝ እጄን ወደ ሰገነቱ ዘረጋሁ። በሰገነቱ ላይ የተቀመጠው ሬዚደንቴው ነው።

ከገበያው መካከል አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም።

ጉንፋን ነው። ከጉንፋን በቀር ምንም አይደለም።

ጥቅምት ሰባት

ጉንፋኑ ዝንጅብል ጠጣ፣ ፌጦ ጠጣ፣ ማር በቅቤ በላ። ከእኔ ይልቅ እሱ ወፈረ።

ሚስቴ የዓለምዘርፍ «ይኼ ጉንፋን ከሰኔ ጀምሮ አብሮህ አለ» አለችኝ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ነግሬህ ነበር። አንተ እየተናገርህ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ እንጥል ቆራጯ እማሆይ ወለተ ሰንበት ከነማጭዳቸው መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ወሬው ጠርቷቸው ነው። «እንጥልህ ወርዷል፣ አፍህን ክፈት» አሉኝ።

«እማሆይ፣ እንጥሌ እኮ የተቆረጠው በጡት ሳለሁ ነው። የቆረጡትም እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

አፌ ውስጥ አዩ። «እንግዲያማ አብቅሏል» አሉ። «ያን ጊዜ እጄ ገና ለማጅ ነበር።»

የዓለምዘርፍ ምሳ አብልታ በክብር ሸኘቻቸው። ማጭዷን ደጅ እስኪደርሱ እሷ ያዘችላቸው።

ጥቅምት ዘጠኝ

ሬዚደንቴው አስጠራኝ። የሚያስተረጉመው ውበቱ ነው። ውበቱ ጥሊያንኛ የተማረው ለጥሊያን ግንበኛ ጭቃ ሲያቀብል ነው፤ ስለዚህ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ውሃና ስለ ስድብ የሚነገረውን ሁሉ ያውቃል። ሌላውን በድፍረት ይሞላዋል።

«ድምፅህን የደበቅኸው በሽፍታ ምክር ነው ይልሃል» አለኝ።

ጉሮሮዬን አሳየሁት።

«ጉሮሮ ሁሉም ሰው አለው ይልሃል። የወታደሩ ሐኪም ያይሃል፤ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ትታሰራለህ።»

«እውነት ሆኖ ከተገኘስ?»

ውበቱ አሰበ። «እሱን አልተናገረም» አለ።

ጥቅምት አሥራ አንድ

ሐኪም ቤት ዋልሁ። 

ሐኪሙ ዶቶር ሳልቪኒ ይባላል። ቀጭን ነው፣ ሪዙ የድመት ነው። መካከሉ የተበሳ ክብ መስተዋት በግንባሩ ላይ አስሮ የመስኮቱን ፀሐይ እየለቀመ ወደ አፌ ወረወራት። ምላሴን በጨርቅ ይዞ ጎተተ። ይህን ምላስ ስንት መኳንንት ሊይዙት ፈልገው ያቃታቸው ነበር። ቀጥሎ በረጅም እጀታ የተሰካች፣ ከሳንቲም የማትሰፋ መስተዋት በመብራት አሙቆ ወደ ጉሮሮዬ ሰደደ።

ገና ከመግባቷ ደንግጦ አወጣት። «እንጥሉ የለም። በሽታው በልቶታል» አለ።

ውበቱም «በሽታው አይደለም፣ እማሆይ ወለተ ሰንበት ናቸው» ብሎ መለሰለት። ዶቶር ሳልቪኒም እኚህ መነኩሲት ሌላስ ምን ይበላሉ ብሎ ጠየቀ። ነገሩን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጀ። እንደተረዳውም እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ «ኢ» በል አለኝ። በግዕዝ «ኢ» የእምቢታ ፊደል ናት፤ ከቃል ፊት ከቆመች ቃሉን ታፈርሰዋለች። «አምነ» ያለው «ኢአምነ» ሲባል እምነቱ አለቀ። እንግዲህ የጥሊያን ሐኪም፣ በጥሊያን ሐኪም ቤት፣ ምላሴን በእጁ ጨብጦ «እምቢ በል» ይለኛል። «ኢ» አልሁ። እንደገና። «ኢ»። አሁንም። በዕድሜዬ ለመንግሥት ይህን ያህል ጊዜ እምቢ ብዬ አላውቅም።

ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም። የወፍጮ ነበር።

ሐኪሙ ማንቁርቴን ከውጭ በጣቶቹ ዳበሰ፣ እንደገና በመስተዋት አየ፣ ሌላ ጥሊያን ጠርቶ አሳየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቱሞሬ» አለ።

የውበቱ ፊት ጠቆረ።

«ምን አለ?»

«ተወው ጋሼ ደምለው።»

«ንገረኝ እንጂ።»

«‹ቱ› ማለት አንተ ማለት ነው። ‹ሞሬ› መሞት ነው። አንተ ትሞታለህ ነው የሚልህ።»

«ታዲያ ምን ያስቀዋል?»

«ጥሊያን ነዋ።»

ጥቅምት አሥራ ሁለት

ልሞት ነው። አልፈራሁም።

ለየዓለምዘርፍ ነገርኋት። «መቼ?» አለች።

«ቀኑን አልነገረኝም።»

«እንግዲያውስ እስኪነግርህ እንጨቱን ፍለጥ።»

ፈለጥሁ። በዚህ ቤት እንጨት እንዲህ ተስተካክሎ ተደርድሮ አያውቅም። ማታ ስገባ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለችኝ። የዛሬው ወጥ ሽንኩርት አልነበረውም።

ጥቅምት አሥራ አራት

ለራሴ ልቅሶ የሚሆን ቅኔ ጀመርሁ። ሰሙ መጣ፣ ወርቁ እምቢ አለ። ሌላ ሰው ይቀኝልኛል ብዬ እንዳልተወው በከተማው ያሉትን ባለቅኔዎች አውቃቸዋለሁ። በእነሱ ቅኔ ከመሸኘት መኖር ይሻላል።

አልፈራሁም ብዬ ጽፌ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ጥቅምት አሥራ ሰባት

ሐኪሙ በድጋሚ አስጠራኝ። እኔም በውበቱ በኩል በትሕትና «የምሞትበትን ቀን ቢነግሩኝ፣ ጤፉ ከመታጨዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አልሁት።

«ማን ትሞታለህ አለህ?»

«እርስዎ።»

ተጠያየቁ። ውበቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ወለሉን አየ። ሐኪሙ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። ለካስ «ቱሞሬ» አንድ ቃል ነው። እባጭ ማለት ነው። ውበቱ ለሁለት ገምሶ ቀበረኝ።

«ግንበኛው ዘንድ ይኼ ቃል አልነበረም» አለኝ ስንወጣ። ይቅርታ መጠየቁ ይመስለኛል።

እባጩ ግን አለ። ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ አሳየኝ። የድምፄ በር ሁለት ከንፈር አላት፤ ከከንፈሮቹ ሥር፣ የትንፋሹ መንገድ እንደ ቀለበት በሚዞርበት፣ አንድ ለስላሳ ጉብታ ተቀምጦ በሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። በመርፌ ሊወጋው ሞከረ፤ መርፌው እንደ ጥይት ነጥሮ ተመለሰ። የጉሮሮ እባጭ ብዙ ጊዜ ሥጋ የሚበላው ክፉው ዓይነት ነው አለ፤ እሱ ቆስሎ ይታያል፣ ይደማል። የእኔ ግን አልቆሰለም፣ አልደማም። ከቀለበቱ ከራሱ፣ ጆሮ ላይ ካለው ዓይነት ለስላሳ አጥንት ነው የበቀለው። «ራሮ» አለ። ውበቱ ደግሞ እንዳይሳሳት ደጋግሞ ጠየቀው። «ብርቅ ማለት ነው» አለኝ። ሐኪሙ በመጽሐፍ አንብቦታል እንጂ አይቶት አያውቅም። መምህሩም አላየውም።

ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። «እባጬ ብርቅ ነው» አልኋት።

«ብርቅ ከሆነ አንተ ዘንድ ምን አመጣው?» አለችኝ። ግን ማታ ሽንኩርት አልከተፈችም።

ጥቅምት ሃያ

ትናንት ገበያ ወጣሁ። በየደረስሁበት ሰው ይነሣልኛል። ጌሾ ሻጮቹ ጉልበቴን ሊስሙ ቃጣቸው። አንድ የሉማሜ ገበሬ እጄን ይዞ «አንተ ወንድ፣ ውሾቹን በጣትህ አሳየኸን» አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። «የሚዞሩ ውሾች ሁሉ» ብዬ ወደ ሰገነቱ ያመለከትሁት፣ ከዚያም ጥሊያንን ላለማገልገል ድምፄን በገዛ እጄ ያፈንሁት፣ እንዲህ ያለ ጀግና ሰው እኔ ነኝ። አዝማሪው ግጥም ሠርቶልኛል ይባላል።

እውነቱን እንዳልናገር ድምፅ የለኝም። በእጅ ምልክት ደግሞ ይህን ያህል ነገር ማስተባበል አይቻልም። ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁ። ትሕትናውን እዩት አሉ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት

ስተኛ አፏጫለሁ። የዓለምዘርፍ ጎረቤት የሚያፏጭ መስሏት ተነሥታ ደጅ ወጣች። ስትመለስ ቁጭ ብላ እስኪነጋ አዳመጠችኝ።

ዳገቱን ስወጣ ሁለቴ ቆምሁ። ገጠሩን ለማየት ነው።

ሐኪሙ እባጩ እያደገ ነው ይላል። ክፉ ባይሆንም ጨዋ አይደለም፤ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ አላሳልፍ ሊል ነው። ማንቁርቴን ከፍቶ ማውጣት አለበት። በጠባቧ በር መድኃኒት አሽትቶ ሊያስተኛኝ አይደፍርም፣ ተኝቼ ትንፋሼ ቢዘጋ ማን ይነግረዋል። ነቅቼ ነው የሚሠራኝ።

«ነቅቼ» የሚለውን ውበቱ ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቅሁ። አልተሳሳተም።

ኅዳር አራት

ሬዚደንቴው እባጩ እውነት መሆኑን ሰምቶ ተደሰተ። እኔ አልደሰትም የምልበት ቦታ አልሰጠኝም። ትልቅ አዋጅ አዘጋጅቷል፦ በጫካ ያለው አርበኛ ሁሉ መሣሪያውን እንዲያስረክብ። የሮማ ጥበብ ድምፁን የመለሰለት ሰው ያንኑ ድምፅ ለሮማ ሲያሰማ አገሩ ሁሉ ይማረካል ይላል።

«ድምፁ ባይመለስስ?» አልሁ።

«ሐኪሜን አታሰድበውም ይልሃል» አለ ውበቱ።

ኅዳር ስድስት

እማሆይ ወለተ ሰንበት ከገጠር መጡ። እንጥል ቆራጭን የሚፈትሽ ኬላ የለም፤ አፍህን ክፈት እንዳይሉት ወታደሩም ይሸሻቸዋል። ስለዚህ የጫካውን መልእክት የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ያመጡት የእንዳላማውን ነው፤ እንዳላማው የሚስቴ ወንድም ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው ያለው።

«‹እነሱ ይክፈቱት፤ ድምፁ ለእነሱ ከወጣ ግን እኛ እንዘጋዋለን› ብሎሃል» አሉኝ። ጥቂት አሰቡና «ሰላምም ብሎሃል» አሉ።

እንግዲህ ነገሩን ልደርድረው። ባልቀደድ ትንፋሼ ያልቃል። ተቀድጄ ድምፄ ባይወጣ ሬዚደንቴው ያስረኛል። ቢወጣ አማቼ ይገድለኛል። ቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ሦስት መንገድ ያለው ነገር ቢሰጡኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር።

«ወንድሜ ያለውን አያስቀርም» አለች የዓለምዘርፍ።

«ማጽናናትሽ ነው?»

«አይደለም። ወንድሜን ስለማውቀው ነው።»

ኅዳር አሥራ አንድ

ነገ ነው። ሚካኤል ነው ብላ ተስላለች። ምን እንደተሳለች አትነግረኝም።

ፉጨቱ በቁሜም መጣ።

ጢሜን ላጩኝ። ከዲቁና ወዲህ አገጬን ያየሁት ዛሬ ነው። አልናፈቀኝም ነበር።

ኅዳር አሥራ ሦስት

አለሁ።

ኅዳር አሥራ አራት

ውሃ አይሰጡኝም። በጨርቅ ከንፈሬን ያርሳሉ።

ኅዳር አሥራ ስድስት

በአንገቴ ነው የምተነፍሰው። የብር ቱቦ ተተክሎልኛል። የዓለምዘርፍ አየችውና «እኔ የብር ጌጥ ሳላደርግ አንተ ቀደምኸኝ» አለች። ቱቦውን በየጊዜው የምታጥበው እሷ ናት። ለአስታማሚው ወታደር አልሰጥም ብላለች።

ኅዳር ሃያ

ዛሬ ትራስ ደግፈው አስቀምጠውኛል፤ የሆነውን ልጻፍ።

አንገቴን በመርፌ አደነዘዙት። መጀመሪያ ከሥር በስቶ ቱቦዋን ከተተ፤ ያን ጊዜ ከወራት ወዲህ ያልቀመስሁት አየር ገባ። የሠርግ ጠላ እንኳ እንዲያ አልጣመኝም። ከዚያ ማንቁርቴን ከመካከል፣ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ገለጠው። ሕመሙ ሩቅ ነበር፤ ድምፁ ግን ቅርብ ነበር። ከውስጤ የሚመጣ የመቀስ ድምፅ። ዓይኔን ያልጨፈንሁት ፈርቼ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ አንዲት ሸረሪት ነበረች፣ እሷን እመለከት ነበር።

ውበቱ «አትንቀሳቀስ»፣ «አትዋጥ» የሚለውን እንዲያስተረጉም በራሴ በኩል ቆሞ ነበር። ማንቁርቴ ሲገለጥ የራስጌውን ብረት ይዞ ቁልቁል ወረደ። ሐኪሙ ዞር ብሎም አላየውም። ከዚያ በኋላ በጥሊያንኛ የሚለኝን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፤ ቢላ የያዘ ሰው ቋንቋው ቀላል ነው።

የከንፈሮቹን ሽፋን ሳይነካ ከሥር ሠርስሮ ገባ። ፈለቀቀ፣ ቆመ፣ ላቡን አስጠረገ፣ እንደገና ፈለቀቀ። ብዙ ቆይቶ አንድ ነገር ከውስጤ ለቀቀ። ሐኪሙ በመቆንጠጫ ይዞ ለመብራቱ አሳየው። የርግብ እንቁላል ያክላል፤ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ያጠላበታል፣ ያብለጨልጫል። በዚህ ዕድሜዬ ከውስጤ ይህን የመሰለ የተወለወለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

አሁን በጠርሙስ ውስጥ ተቀምጧል። ሐኪሙ በቀን በቀን ይጠይቀዋል። እኔን አልፎ አልፎ።

ታኅሣሥ ሦስት

ቱቦዋ ወጣች፣ ቀዳዳዋ እየገጠመች ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ አንዲት ቃል እንዳልናገር ታዝዣለሁ፤ ቅዳሜ በገበያው መካከል፣ በሬዚደንቴው ፊት፣ እናገራለሁ።

ሰው ሳያየኝ ከጓሮ ወጥቼ «ሀ» አልሁ።

ወጣ።

«ሁ» አላልሁም። ፈራሁ።

ታኅሣሥ ስምንት፣ ቅዳሜ

ሬዚደንቴው በሰገነቱ፣ ሐኪሙ በነጭ ልብሱ፣ ጠርሙሱ በሐኪሙ እጅ። ሕዝቡ ጠርሙሱን ለማየት ተጋፋ። አንድ ሽማግሌ «ይኼ የማን ዓይን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ውበቱ የጋሼ ደምለው ነው አለ። ሽማግሌው ሁለቱን ዓይኖቼን ቆጠረ።

«ተናገር» አለኝ ሐኪሙ። እጁን በትከሻዬ አሳረፈ። እጁ ይሞቅ ነበር።

ከበግ ተራ በኩል ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። ጋቢው በአንድ ወገን ረጅምና ቀጥ ያለ ነገር ሸፍኗል። ወደ እኔ ነው የሚያየው።

አፌን ከፈትሁ። ድምፄ እዚያው ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ ታሠረ ፈረስ ይረግጥ ነበር። ትንፋሽ ብቻ ለቀቅሁ። እንደገና አሉኝ። እንደገና ትንፋሽ።

ሬዚደንቴው ሳቀ። ዋሽንት ሠርተህ ድምፁን ረሳኸው አለው ሐኪሙን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ትቶ፣ ይህ ሰው ዋሽቶ እንዳይሆን መርምረህ ንገረኝ አለ። የሐኪሙ ጣቶች በጠርሙሱ ላይ ነጡ።

 ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ። መደቡ ጎርብጦኝ ነው።

ታኅሣሥ አሥር

መስተዋቱ። ጨርቁ። ምላሴ በሐኪሙ እጅ። «ኢ» በል።

ሰው ምላሱን ሲያዝ ጉሮሮው ለማን እንደሚታዘዝ እንጃ። እኔ ትንፋሽ ላክ አልሁት፤ እሱ «ኢ» ብሎ ወጣ። ጥርት ያለ፣ የደወል።

ሐኪሙ መስተዋቱን ቀስ ብሎ አወጣ። ለውበቱ «ምን ሰማህ?» አለው።

ውበቱ ጣሪያውን አየ። «በሩ ነው የጮኸው» አለ። በሩ ዝግ ነበር።

ለእኔም «ለምን?» አለኝ። ጠባሳዬን በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ተራራው አመለከትሁ። ከዚያ ጣቴን በጠባሳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሳብሁት።

ተጠግቶ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ሸማኔ የጨረሰውን ጥበብ እንደሚዳብስ።  ሲናገር ለውበቱ ነው።

«ይህን ጉሮሮ እኔ ሰፍቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲቀደው አልፈቅድም ይልሃል» አለ ውበቱ። «ለሬዚደንቴው ‹ትንፋሹን አዳንሁ፣ ድምፁ ሞቷል፣ አይዋሽም› እለዋለሁ ይላል።»

 አጎነበስሁ።

በር ላይ ስደርስ ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ። «ለሙያ ጓደኞቼ ግን ድምፁ እንደ ደወል ነው ብዬ እጽፋለሁ ይላል» አለ ውበቱ። «እነሱ ደብረ ማርቆስ አይመጡም ይላል።»

ታኅሣሥ አሥራ አራት

ከአዋጅ ነጋሪነት ተሻርሁ። በምትኬ ውበቱ ተሾመ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ደግሞም አዋጁን አንብቦ የሚረዳ እሱ ብቻ ነው ተባለ። ውበቱ ማምሻውን መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና «ከጫካው መልእክት ይመጣብኛል?» አለኝ። እማሆይ ወለተ ሰንበትን መወዳጀት መጀመር አለብህ ብዬ በምልክት ነገርሁት። አፉን ከፍቶ «እንጥል አለኝ እኮ» አለ። እሱን ስጣቸው አልሁት።

ታኅሣሥ አሥራ አምስት፣ ቅዳሜ

 

ነጋሪቱ ተጎሰመ። የዓለምዘርፍና እኔ ከበርበሬ ተራው ቆመናል። ሬዚደንቴው እጁን ሰጥቶ ለሚገባ ሁሉ የሚሰጠው ጨው በጆንያ ተከምሯል። ውበቱ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ላቡን ጠረገ፣ በታላቅ ድምፅ «እስካሁን ያልገባችሁ ሁሉ ግቡ» አለ።

ገበያው ተያየ። አንድ ገበሬ በትሩን ተደግፎ «ጌታው፣ ምኑ ነው ያልገባን?» አለው።

«ያልገባችሁ እንድትገቡ ነው አዋጁ።»

«እኛማ ገብቶናል።»

ሬዚደንቴው ሰውዬው ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ውበቱ ደረቀ፤ ከዚያ በጥሊያንኛ አንድ ነገር አለ። ሬዚደንቴው ከወንበሩ ተነሣ። ውበቱ ወደ እኛ ዞሮ «የገባችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ።

እጁን ያላወጣ የለም። ከበርበሬው ኋላ ያለች ሴትዮ ሁለቱንም አወጣች። «ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ገብቶናል» አለች።

ሬዚደንቴው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨው ይታደል አለ። ሰልፍ ተያዘ። በበግ ተራ በኩል ባለፈው ሳምንት ያየሁት ባለ ጋቢም ተሰለፈ፣ ጨዉን ተቀብሎ በዚያው ቀጥ ባለ ነገር ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። አንዱ ተመልሶ ሲመጣ ጨው አዳዩ ወታደር በውበቱ በኩል «አንተ ቅድም ገብተህ አልነበረም?» ብሎ ያዘው።

«ቅድም ጥቂት ነበር የገባኝ» አለ። «አሁን በደንብ ገባኝ።»

የዓለምዘርፍም ተራዋ ደረሰ። «ገባሽ?» አላት ውበቱ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ከባሌ በፊት።»

ሳቅ ድምፅ አለው። ድምፄ ደግሞ ሞቷል፣ በሐኪም ቃል የተረጋገጠ ሬሳ ነው። ሬዚደንቴው እኔን ያያል፤ ያልሳቅነው በመላው ገበያ እኔና እሱ ብቻ ነን። ጥርሴን ነከስሁ። ጠባሳዬ ተወጠረ። የሞቱብኝን ዘመዶች በየተራ አሰብሁ፤ እነሱም በሰልፉ ላይ ቆመው ጨው ሲቀበሉ ታዩኝ። የዓለምዘርፍ ክንዴን ቆንጥጣ በሰው መካከል አወጣችኝ። ዓይኔ እንባ ሲያፈስ ያየ ሁሉ «ሥራውን አጥቶ ነው፣ አይዞህ» ይለኛል።

ወደ ወንዙ ገደል ወረድን። ውሃው ከሚጮኽበት ስንደርስ ለቀቅሁት። ገደሉ ተቀበለና መለሰልኝ። አላወቅሁትም። ወፍራም ነው፣ ከሥሩ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ የማላውቀው ሰው አብሮኝ የሚስቅ መሰለኝ። ስቄ ስቄ ቋጥኝ ላይ ተቀመጥሁ። የዓለምዘርፍ ጨውዋን በነጠላዋ ቋጥራ ቆማ ትሰማኛለች። አትስቅም።

«እንዴት ነው?» አልኋት። ከተቀደድሁ ወዲህ ያልኋት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

 መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ሌላም ነገር ተናገር» አለችኝ።

ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። የምለው ጠፋኝ።